ክሩ ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትጀምሩ፦ የኪሮሽና የቁርጥራጭ ጨርቅ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ እየገባ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቤት ሲዘጋን እጃችን ሥራ ይፈልጋል መሰለኝ፣ ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኪሮሽ፣ ስለ ዳንቴልና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስለሚሰፋ ብርድ ልብስ ናቸው። ሁሉንም ማስተናገድ አልቻልኩም። ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ እህታችን ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምኖረው። እናቴ ቡና ስታፈላ የምትጠቀምበት የጀበና ማስቀመጫ ማቶት በኪሮሽ ልሠራላት አስቤ መርካቶ ሄጄ የሚያምር ቀይና አረንጓዴ ክር ገዛሁ። ሻጩ ጥጥ ነው ብሎኛል። ሲነካ ግን በጣም ይለሰልሳል፣ ትንሽም ያብረቀርቃል። ዝም ብዬ ልጀምር?

መልስ፦ ገና አትጀምሪ። መጀመሪያ ክሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ከጫፉ ጣት የሚያህል ቁረጪና በወረንጦ ይዘሽ፣ ከሥሩ የብረት ሳህን አድርገሽ፣ በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተርፈው አመድ ስስ ነው፤ በጣት ሲነካ ይበናል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጣል፣ ሲበርድም ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ሱፍ ደግሞ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቂው ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። አመድም ጠንካራ ፍሬም ካየሽ ክሩ ቅልቅል ነው።

ካልሽኝ ተነስቼ ስገምት ክርሽ አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ መጥፎ ክር አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ አይኮማተርም፣ ለሻርፕና ለኮፍያ በጣም ጥሩ ነው። ከከሰል የወረደ ጀበና ግን አይቀመጥበትም። ሊቀልጥ ይችላል፣ ከጀበናው ቂጥ ጋር ይጣበቃል፣ እናትሽ ድስት ማውጫ ካደረገችው ደግሞ እጇን ያቃጥላታል። በዚህ ላይ አልደራደርም፤ ሙቅ ነገር የሚነካ ሥራ ሁሉ በንጹህ ጥጥ ይሠራ። ጥጡንም ሁለት ክር አንድ ላይ ይዘሽ፣ ክሩ ከሚፈልገው ትንሽ ቀጠን ባለ መርፌ አጥብቀሽ ሥሪው፤ ቀዳዳ ካለው ሙቀቱ ያልፋል። ሁለት ክብ ሠርተሽ ጀርባ ለጀርባ ብትሰፊያቸው ደግሞ የበለጠ ይሆናል። ለእናትሽም ንገሪያት፦ እርጥብ ሲሆን ትኩስ ነገር አይያዝበት፤ ውሃ ሙቀትን ቶሎ ያስተላልፋል። ቀዩና አረንጓዴው ክር አይባክንም፣ ለዚህ ብርድ ሻርፕ ይሁንሽ።

ጥያቄ፦ ከካዛንቺስ ነው። ዩቲዩብ እያየሁ ለጠረጴዛዬ ክብ ዳንቴል ጀመርኩ። አራት አምስት ዙር ስደርስ ጎድጎድ ብሎ ኮፍያ ሆነ። ፈታሁት። በሌላ ቪዲዮ እንደገና ስጀምር ደግሞ ጫፉ ተሸበሸበ። እጄ ነው ወይስ መርፌው?

መልስ፦ እጅሽም መርፌውም አይደለም፣ ቆጠራው ነው። ክብ ነገር ጠፍጣፋ እንዲሆን በየዙሩ የሚጨመረው ዓይን (በመርፌው የምታወጪው አንዱ ስፌት) ልክ አለው። ከጎደለ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ከበዛ ይሸበሸባል። አጭሯን ሲንግል የምትሠሪ ከሆነ በ6 ጀምሪና በየዙሩ 6 ጨምሪ፦ 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ ይሄዳል። ረዘም ያለችውን ደብል ከሆነ በ12 ጀምረሽ በየዙሩ 12 ጨምሪ። ጭማሪውን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ አትደርድሪው፣ አለበለዚያ ክቡ ማዕዘን ያወጣል። በየዙሩ መጀመሪያ ላይ መርፌ ቁልፍ ስኪበት፤ የት እንደጀመርሽ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው።

ሁለቱ ቪዲዮዎች የተለያየ ውጤት የሰጡሽ በሌላም ምክንያት ሊሆን ይችላል። አሜሪካኖችና እንግሊዞች አንዱን ስፌት በተለያየ ስም ነው የሚጠሩት፤ እንግሊዞቹ ደብል የሚሉት አሜሪካኖቹ ሲንግል የሚሉትን ነው። ስለዚህ ስሙን ትተሽ እጃቸውን እዪ። መርፌውን ዓይኑ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ክሩን አንዴ ከጠቀለሉበት ከሁለቱ የአሜሪካው ደብል ነው፤ ሳይጠቀልሉ ከገቡ ሲንግል ነው።

ሲያልቅ አጥበሽ፣ እርጥቡን ፎጣ ላይ ዘርግተሽ፣ ዙሪያውን በማይዝግ ስፒል ወጥረሽ አድርቂው። ጠንከር እንዲል ከፈለግሽ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ የፈላ ውሃ ላይ ጨምሪና ሲበርድ ንከሪው። የስኳር ውሃ የሚያደርጉ አሉ። እኔ አልመክርም፣ ጉንዳን ይጠራል።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ። ሦስት የሐበሻ ቀሚሶቿ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔና ሁለቱ እህቶቼ እየቆራረጥን አንድ ትልቅ የአልጋ ልብስ ብናደርጋቸው ብለን ተስማማን። አንዱን ከጫፉ ትንሽ ስቆርጠው ግን ተተረተረብኝ፣ ደንግጬ ተውኩት። የወሰድኩለት ልብስ ሰፊም ይሄ አይሆንም ብሎ መለሰኝ።

መልስ፦ ነፍስ ይማር። መተውሽ ጥሩ ነው፣ ምንም አልተበላሸም። ይሆናል፤ ግን እንደ ሸሚዝ ጨርቅ አይያዝም። የሐበሻ ቀሚስ ጨርቅ በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ክሩ ላላ ያለ ነው፣ ሲቆረጥ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ደጋፊ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ሦስቱንም አትቁረጡ። አንዱ፣ እናታችሁ ለበዓል የምትለብሰው፣ ሙሉውን ይቀመጥ። ዛሬ ባይታያችሁም ልጆቻችሁ ሲያድጉ ሙሉ ቀሚስ ማየት ይፈልጋሉ። ለቀሩት ሁለቱ ደግሞ ከአልጋ ልብስ ይልቅ ለሦስታችሁም አንዳንድ የትራስ ልብስ ይሻላል ባይ ነኝ። የአልጋ ልብስ በየጊዜው ይታጠባል፣ ይጎተታል፣ ልጅ ይዘልበታል፤ ያረጀ ጨርቅ ይህን አይችልም። ደግሞስ አንድ የአልጋ ልብስ በማን ቤት ሊቀመጥ ነው? ትራስ ከሆነ ሦስታችሁም ጋ እናታችሁ አለች።

አሁን ወደ ሥራው። ጥበቡ ቀለም የሚለቅ መሆኑን እዪ፦ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥበቡ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተጫኚው። ነጩ ከቀለመ አታጥቢው፣ ነፋስ ላይ ብቻ አናፍሺው። ካልቀለመ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና በእጅ እጠቢው፣ ሳትጨምቂ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ጥላ ውስጥ አድርቂው። ከዚያ አቡጀዲ ግዢ። አቡጀዲውን ራሱን አስቀድመሽ አጥበሽ ተኩሺው፤ ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ይኮማተርና ከላይ ያለውን ያጨማድደዋል። የቀሚሱን ጨርቅ አቡጀዲው ላይ ዘርግተሽ በሰፊ በሰፊው በእጅ አያይዢው። የምትቆርጪበትን መስመር በእርሳስ አስምሪና ከመስመሩ ግራና ቀኝ በማሽን ስፌት አሳልፊ። በሁለቱ ስፌቶች መካከል ስትቆርጪ አይተረተርም።

ለስፌት በየጎኑ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይተው። ሲያልቅ 40 በ40 እንዲሆን የምትፈልጊውን ትራስ 43 በ43 አድርገሽ ትቆርጫለሽ ማለት ነው። ጥበቡን መሃል ለመሃል አትቁረጪው፣ ሙሉ ጥለቱ በትራሱ ፊት ላይ ይውደቅ። ወርቅማና ብርማ ክር ካለበት ካውያው ዝቅ ባለ ሙቀት ይሁን፣ ከላዩም ስስ ጨርቅ ይደረግበት። ልብስ ሰፊው አሁንም ካመነታ ይህን ገጽ አሳዪው። ሥራው ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ከአቅሙ በላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ አፍንጮ በር የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ቤት ውስጥ የልጆቼ አሮጌ ሸሚዝ፣ አንሶላ፣ መጋረጃ ተከምሯል። እነሱን ቀጣጥዬ ብርድ ልብስ መሥራት እፈልጋለሁ። ማሽን የለኝም። መሃሉ ምን ይግባበት? ልጄ ደግሞ «እማዬ ድሪቶ ልታለብሺን ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

መልስ፦ እማማ፣ ይሥሩት። ማሽን ባይኖርዎትም ይሠራል። መሃሉ የሚገባው በቤትዎ ያለ ይመስለኛል፦ ያረጀ ጋቢ። ጋቢ ራሱ አራት ድርብ ጥጥ ነው፣ ይሞቃል፣ ሲሰፋም አይንሸራተትም። የተቀደደ ቦታ ቢኖረው ጠቅጠቅ ያድርጉት፣ ከውስጥ ስለሆነ አይታይም። ባዘቶ እንዳያስገቡ ግን አደራ። ካልተሰፋ ጥጥ ሲታጠብ አንድ ጥግ ላይ ይጓጉላል።

ሁሉንም ጨርቅ አስቀድመው ይጠቡና ይተኩሱ። እጅ ላይ የሳሳውን ይጣሉት፣ ጂንስና ስስ ሸሚዝም አጠገብ ለአጠገብ አያድርጉ፤ ወፍራሙ ስሱን ይቀደዋል። ከካርቶን 13.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይቁረጡና በሱ ልክ ጨርቁን ያውጡ። በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 12 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ከመስፋትዎ በፊት ሁሉንም ወለል ላይ ደርድረው ራቅ ብለው ይዩት፣ ቀለሙ ያልተስማማዎትን ያቀያይሩ። ይህ ሥራ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ ጊዜ ይስጡት። ከዚያ መጀመሪያ በረድፍ በረድፍ፣ ቀጥሎ ረድፎቹን እርስ በርስ ይስፉ።

ሲያልቅ ከሥር አንሶላውን፣ ከመሃል ጋቢውን፣ ከላይ የቀጣጠሉትን ዘርግተው ከመሃል ወደ ዳር በሰፊ ስፌት ያያይዙ። ከዳር ከጀመሩ መሃሉ ላይ ይቋጠራል። ሙሉውን በእጅ መስፋት ካደከመዎት በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ጠንካራ የጥጥ ክር ሦስቱንም አሳልፈው ሁለት ጊዜ ጥብቅ አድርገው ይቋጥሩት። ይህ በሌላውም ዓለም የታወቀ አሠራር ነው።

ለልጅዎ ደግሞ ይህን ይንገሯት። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። የባሪያ ልጆች ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስና ከተራረፈ ጨርቅ ቤታቸውን የሚያሞቁበት ብርድ ልብስ ሲሰፉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያ ሥራቸው ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ተሰልፎ አየው። እርስዎ ግን ለሙዚየም ብለው አይደለም፣ ለሐምሌ ብርድ ነው፤ ልጅዎም የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ እንደምትሆን አልጠራጠርም።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ። ኪሮሽ እወዳለሁ፣ ጓደኞቼ ግን የሴት ሥራ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህን ይዘህ ሽሮ ሜዳ ውጣ። እዚያ የሚሸጠውን ነጠላና ጋቢ ማን እንደሸመነው ይጠይቁ። ሸማኔዎቹ በብዛት ወንዶች ናቸው፣ ብዙዎቹም ከጋሞ ደጋ የመጡ። በየሰፈሩ ማሽን ላይ የተቀመጠውስ ልብስ ሰፊ ማነው? ሥራህን ቀጥል።

ጥያቄ፦ ሥራ ስላጣሁ ለሕፃናት የኪሮሽ ብርድ ልብስ እየሠራሁ ለመሸጥ ሞክሬያለሁ። የመጣው ሁሉ «የውጭው በግማሽ ዋጋ አለ» ይለኛል። እኔም እየቀነስኩ እየቀነስኩ የክሩን ዋጋ ብቻ ማግኘት ጀምሬያለሁ። (ስድስት ኪሎ)

መልስ፦ መቀነሱን ዛሬ አቁሚ። በክር ዋጋ የሚሸጥ ሥራ አንቺን አያኖርሽም፣ የሌሎቹንም ሠራተኞች ገበያ ያበላሻል። ሱቅ ያለው ብርድ ልብስ በማሽን የተመረተ ነው። ኪሮሽ ግን እያንዳንዱ ዓይን በእጅ የሚወጣ ነው። ለሚጠይቅሽ ሰው ይህን በትህትና ንገሪው።

ዋጋውን በግምት ሳይሆን በሒሳብ አውጪ። ስትጀምሪና ስታቆሚ ሰዓት ጻፊ። እንበልና ክሩ 600 ብር ፈጀ፣ ሥራው 20 ሰዓት ወሰደ፣ ለሰዓት 50 ብር ቢታሰብ ድካምሽ 1000 ብር ነው፤ ስለዚህ ከ1600 ብር በታች ኪሳራ ነው። ይህን ዋጋ ገዢ ካልከፈለበት ብርድ ልብሱን ለትዕዛዝ ብቻ አድርጊውና በየቀኑ ለሽያጭ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ሥሪ፦ የሕፃን ኮፍያ፣ የፀጉር ማሰሪያ፣ የቡና ረከቦት ማልበሻ። ትዕዛዝ ስትቀበዪ ቢያንስ የክሩን ያህል ቀብድ ያዢ። ለአንድ ሥራ የሚበቃሽንም ክር በአንድ ጊዜ ግዢ። ማሸጊያው ላይ የቀለም ቁጥርና አብሮ የተነከረበት ዙር ቁጥር (ሎት) ካለ ሁሉም አንድ ይሁን፤ ሌላ ቀን የምታመጪው ያው ቀይ ቢመስልም ሲገጣጠም ይለያል።

የሕፃን ዕቃ ላይ ቁልፍ፣ ዶቃና ረጅም ክር አይሁን። ልጅ አፉ ውስጥ ይከተዋል፣ ጣቱ ላይም ይጠመጥመዋል። ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ጥለትም ለዚሁ ሲባል ይቅር።

ጥያቄ፦ የኪሮሽ ሹራቤን አጥቤ ገመድ ላይ ሰቀልኩት፣ ጉልበቴ ድረስ ወረደ። ይመለሳል?

መልስ፦ ጥጥ ወይም ሱፍ ከሆነ ብዙው ይመለሳል። እንደገና አርጥቢው፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ውሃውን ተጭነሽ አውጪ፣ አልጋ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ በእጅሽ ወደ ልኩ ሰብስቢውና እዚያው ይድረቅ። በክረምት አንድ ቀን አይበቃውም፣ በመሃል ገልብጪው። አክሪሊክ ከሆነ በካውያ ልመልስ እንዳትዪ፣ ክሩ ይሞትና እንደ ፎጣ የነበረው ልስልስ ብሎ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ከአሁን በኋላ አጣጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ እንጂ መስቀያ ላይ አታኑሪው።