ቲኬት ከቆረጥኩ በኋላ ማርገዜን አወቅኩ፣ ብሬ ይመለሳል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ አስተማሪ። እህቷ ፍራንክፈርት ታገባለችና ለሰርጉ ከባሏ ጋር ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ የጉዞ ወኪል ጥቅምት 5 ቀን የደርሶ መልስ ቲኬት ቆረጡ፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ መሄጃ ግንቦት 8፣ መመለሻ ሰኔ 12። ወኪሉ "ሙሉ ጥቅል" ብሎ ለቪዛ የሚሆነውንም፣ ጉዞ ቢሰረዝ የሚከፍለውንም ኢንሹራንስ አብሮ ሸጠላቸው። ኅዳር 18 ሐኪም ቤት ስትሄድ የ7 ሳምንት ነፍሰጡር ነሽ ተባለች። ኪኒን እየወሰደች ስለነበር ጨርሶ አላሰበችውም። አሁን ወኪሉ "ቲኬቱ አይመለስም" ይላል፣ ኢንሹራንሱ "ስትገዢ ነፍሰጡር ነበርሽ፣ ደብቀሽናል" ይላል፣ አማቷ ደግሞ "ሰፊ አባያ ልበሺና ሂጂ፣ ማን ያይሻል" ብለዋታል። የቪዛ ወረቀት ገና እያሰባሰበች ነው።

እህቴ አብሽሪ፣ መጀመሪያ አላህ ያግራልሽ፣ በሰላም ተገላገይ።

ከኢንሹራንሱ ልጀምር፣ ምክንያቱም "ደብቀሻል" የሚለው ቃል ከብሩ በላይ እንዳናደደሽ ከጻፍሽው ያስታውቃል፣ ደግሞም እውነት አለሽ። የሐኪም ቤት ሳምንት የሚቆጠረው ካረገዝሽበት ቀን አይደለም፣ የመጨረሻው የወር አበባሽ ከመጣበት ከመጀመሪያው ቀን ነው። ካርድሽ ላይ ያለው 7 ሳምንት ከኅዳር 18 ወደኋላ ሲቆጠር መስከረም 29 ላይ ያርፋል፣ ኢንሹራንሱ የተገዛው ጥቅምት 5 ስለሆነ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ካልኩሌተሩን መታ መታ አርጎ ከ6 ቀን በፊት አርግዘሽ ነበር አለሽ። መስከረም 29 እኮ የወር አበባ ላይ ነበርሽ! ጽንስ የሚያዘው ብዙውን ጊዜ ከዛ 2 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው፣ ያንቺ ጥቅምት 13 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው፣ ውሉ ከተፈረመ ሳምንት አልፎት። ይሄን ሐኪምሽ በሁለት መስመር ቢጽፍልሽ፣ የወር አበባ ቀኑን፣ በአልትራሳውንድ የታየውን እና እርግዝናው መጀመሪያ የታወቀበትን ቀን ለይቶ፣ ክርክሩ ግማሹ እዛው ያልቃል።

ሌላው ግማሽ የሕጉ ነው። የኢንሹራንስ ውል ዛሬም የሚገዛው በ1952ቱ ንግድ ሕግ ነው፣ በ2013 የወጣው አዋጅ 1243 ያንን ክፍል አልነካውም። አንቀጽ 667 ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ውሉን ሲዋዋል የሚያውቃቸውን ነገሮች በትክክል እንዲናገር ነው የሚያስገድደው። የሚያውቃቸውን! ማንም ያላወቀውን ነገር ደበቀ አይባልም። ስለዚ ቀን ቆጠራው እንኳ በእነሱ በኩል ቢሆን ጥቅምት 5 ቀን አንቺ ምን ታውቂ ነበር የሚለው ነው ጥያቄው፣ እሱን ደግሞ የኅዳር 18ቱ የምርመራ ወረቀት ይመልሰዋል። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል፣ አንቺ ግን እዛ ውስጥ አይደለሽም። ከዛ በፊት በቤት መመርመሪያ አይተሽ ከነበረ ግን ለጠበቃሽ ቀድመሽ ንገሪ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ከሚወጣ።

አሁን ደግሞ የማያስደስትሽን ልንገርሽ። "ደብቀሻል" ወደቀ ማለት ካሳ ይከፈልሻል ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ ጤነኛ እርግዝናን እንደ አደጋ አይቆጥረውም፣ የሚከፍለው ያልታሰበ ችግር ሲመጣ ነው፣ ደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት፣ የእንግዴ ልጅ ያለቦታው መቀመጥ፣ ሐኪም "አትንቀሳቀሺ" ብሎ ሲጽፍ። አንዳንዱ ፖሊሲ ደግሞ እርግዝናው ከግዢ በኋላ ከታወቀና ጉዞው ከተወሰነ ሳምንት በላይ የሚያርፍ ከሆነ ስረዛውን ይሸፍናል፣ ያንቺ እንደዛ ከሆነ ጥሩ ነው። ፖሊሲውን አውጪና የማይሸፈኑ ነገሮች የሚለውን፣ የስረዛ ምክንያቶች የሚለውን እና የእርግዝና ሳምንት ገደብ ያለበትን ቦታ ፎቶ አንስተሽ ያዢ። ቃሉ አሻሚ ከሆነ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ላዘጋጀው ወገን አያደላም። ደግሞ አንቀጽ 1686 አንዱ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው አጠቃላይ ሁኔታ ሌላው ካላወቀውና ካልተቀበለው አይገዛውም ይላል፣ ወኪሉ ፖሊሲውን ሳያሳይሽ ብር ተቀብሎ ከሆነ ይቺ ትጠቅምሻለች፣ ፈርመሽ ከሆነ ግን አላየሁትም ማለት ዳኛ ፊት ብዙም አያስኬድም።

ጊዜም አለው ነገሩ። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 670 ካሳ የሚያስከትል ነገር ሲደርስ በ5 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ አለ፣ ስለዚ ሐኪምሽ ወደፊት ጉዞ ከከለከለሽ ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ አታሳድሪው፣ 5 ቀኑ ሳያልፍ በኢሜይል ላኪ። የክስ ጊዜው በ674 2 ዓመት ነው፣ እሱ እንኳ አያስቸኩልም።

ቲኬቱ ላይ ባልሽ "ከአቅም በላይ ነው ብለን እንክሰስ" ብሏል አይደል? ሐሳቡን ወድጄለታለሁ ግን አይሄድም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 የሚጠይቀው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል እና መፈጸሙን ጭራሽ የሚከለክል ነገር ነው፣ ጤነኛ እርግዝና ደግሞ መብረርን ጭራሽ አይከለክልም፣ አየር መንገዱም እጭንሻለሁ እያለ ነው። ውል በተዋዋዮች መካከል ሕግ ነው ይላል 1731፣ የቲኬቱ ሕግ ደግሞ ስትገዢ የተቀበልሽው የታሪፍ ደንብ ነው። አውሮፓ ስለሚሄድ ብሎ 261/2004 የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት የካሳ ደንብ የነገረሽ ሰው ካለ እሱ አየር መንገዱ ራሱ ሲሰርዝ ወይም ሲያዘገይ ነው፣ ተሳፋሪ ሲቀር አይደለም።

ግን እኮ "አይመለስም" እና "አይቀየርም" አንድ አይደሉም፣ እዚ ላይ ነው ሰው የሚበላው። ብዙ የማይመለስ ቲኬት በቅጣትና በዋጋ ልዩነት ቀኑ ይቀየራል፣ ሳይበረርበት የቀረ የኤርፖርት ታክስም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ሁለቱም ግን የሚቀለው በረራው ከመነሳቱ በፊት ካሳወቅሽ ነው። ዝም ብለሽ ከቀረሽ ምናምን ቅጣት ይጨመርብሻል። ወኪሉን የቲኬቱ ዋጋ ስንት፣ ታክሱ ስንት፣ የሱ ኮሚሽን ስንት እንደሆነ ለይቶ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂው፣ "ሁሉም ይመለሳል" ብሎሽ የነበረበት የቴሌግራም ቻት ካለም ስክሪንሾት አንሺው ሳይጠፋ፣ ምክንያቱም ወኪሉ በአፉ የሰጠው ተስፋ አየር መንገዱን ባያስገድድም እሱን ራሱን ያስጠይቀዋል።

እኔ ብሆን ግን ጉዞውን አልሰርዘውም ነበር። ቆጥሬዋለሁ፣ ግንቦት 8 ስትሄጂ 31 ሳምንት አካባቢ ትሆኛለሽ፣ ሰኔ 12 ስትመለሺ 36 አልፎሻል። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28 ሳምንት በኋላ የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ ከ36 በኋላ አይጭኑም፣ መንታ ከሆነ ደግሞ ከ32 በኋላ። እንግዲህ ችግሩ መሄጃው ላይ ሳይሆን መመለሻው ላይ ነው ያለው፣ መመለሻውን ብቻ ወደ ግንቦት 25 ብታመጪው 34 ሳምንት እንኳ አይሞላሽም፣ ሰርጉም አያመልጥሽም፣ የምትከፍዪውም የአንድ መንገድ መቀየሪያ ብቻ ይሆናል። ሐኪምሽ እሺ ካለ ነው ይሄ ሁሉ። ማስረጃው እርግዝናው ነጠላ መሆኑን፣ የመውለጃ ቀኑን፣ ችግር እንደሌለና መብረር እንደምትችዪ የሚል፣ ለሁለቱም በረራ የቅርብ ቀን ያለው መሆን አለበት፣ ስለዚ ለመመለሻው እዛው ጀርመን ሐኪም ማየት ሊያስፈልግሽ ይችላል፣ እህትሽ ከወዲሁ ትጠይቅልሽ።

ለዚህ ነው የአማትሽን ምክር የማልቀበለው፣ አባያው ኮምቦልቻ ላይ ቢያሳልፍሽ እንኳ ፍራንክፈርት ላይ በ36 ሳምንት "አትሳፈሪም" ብትባዪ ቪዛሽ ያልቃል፣ ምጡ ይመጣል፣ ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሸፍናል ቢባልም ለድንገተኛ ሕክምናና ወደ አገር ለመመለስ ነው እንጂ በጊዜው ለሚመጣ ወሊድ አይደለም፣ ሕፃኑም ብዙ ጊዜ በእናቱ ፖሊሲ አይገባም። እሳቸው ስለሚወዱሽ ነው፣ ይሄን እኔ አልኩ ብለሽ በደንብ አስረጃቸው።

ቪዛውን ገና አለመጠየቅሽ ደግሞ ጠቀመሽ። ቀኖቹን አሁን አስተካክለሽ ቲኬቱም ኢንሹራንሱም አንድ ዓይነት ቀን ይዘው ነው ማመልከቻው መግባት ያለበት። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የማመልከቻ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 አርዝሞታል፣ ብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛም አቁሟል፣ ስለዚ አንዴ ከተመታ በኋላ ቀን ልቀይር ማለት እንደገና መጀመር ነው። የቪዛው ኢንሹራንስ ሽፋን ራሱ ግንቦት 8 ነው የሚጀምረው፣ ገና አልሠራም፣ እርግዝናውን በግልጽ ጽፈሽ ወይ ቀኑን አስተካክሉልኝ ወይ አረቦኑን፣ የከፈልኩትን የኢንሹራንስ ዋጋ፣ መልሱልኝ በያቸው።

አንድ የእኛ አካባቢ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ከኮምቦልቻ ያለውን በረራ ትቶ በዘመድ መኪና አዲስ አበባ ይገባና ከቦሌ ልሳፈር ይላል። ቲኬቱ አንድ ላይ የተቆረጠ ከሆነ የመጀመሪያውን ካልበረርሽበት ቀሪው በሙሉ፣ መመለሻው ጭምር፣ ይሰረዛል። በመኪና መሄድ ከፈለግሽ አስቀድመሽ አስቀይሪ። የባልሽም ቦኪንግ ካንቺ ጋር አንድ ከሆነ እሱ እዛ እንዲቆይ ስትፈልጉ መጀመሪያ እንዲለያዩ ጠይቁ።

ኢንሹራንሱ በጽሑፍ ላቀረብሽው በጽሑፍ ካልመለሰ ተቆጣጣሪያቸው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ በኢንሹራንስ ሥራ አዋጅ 746/2004፣ አቤቱታውን ከነኮፒው እዛ አስገቢ። ፍርድ ቤት የሚለውን ግን ላሁኑ ተዪው፣ ለአረቦኑ ብቻ ብለሽ ጠበቃ ብትይዢ እኔ የምቀበልሽ ብር ከምታስመልሺው ይበልጣል። ዛሬ ማታ ለሁለቱም፣ ለወኪሉም ለኢንሹራንሱም፣ የቦኪንግና የፖሊሲ ቁጥሩን፣ ኅዳር 18 ማወቅሽን፣ መመለሻውን ወደ ግንቦት 25 ማዛወር መፈለግሽን ጽፈሽ ላኪ፣ ስልክ ደውለሽ አትተዪው።