«የሌለ ጋዝ ለምን እንማራለን?» ላልሽው

እህቴ፣ «አይዲያል ጋዝ በዓለም ላይ ከሌለ ለምን እንጨነቅበታለን?» ብለሻል። 11ኛ ክፍል ፊዚክስ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ይሄን ያልጠየቀኝ ክፍል የለም።

እውነትሽን ነው፣ የለም። አይዲያል ጋዝ ስሌቱ እንዲቀል በሐሳብ የፈጠርነው ጋዝ ነው፦ ሞለኪውሎቹ ቦታ አይይዙም፣ አይሳሳቡም እንላለን። ሁለቱም ውሸት ናቸው። ግን ተራ አየር ውስጥ በጣም ተራርቀው ስለሚኖሩ ውሸቱ ብዙም አይታወቅም።

ተማሪዎቼን የምፈትናቸው በመኪና ጎማ ነበር። አዲስ አበባ ጠዋት በ12 ዲግሪ ጎሚስታው 32 ፒኤስአይ ሞላልን፤ በኪሎፓስካል 220 ገደማ ነው። ሰመራ ደርሰን መኪናው ቆሞ ጎማው እንደ አየሩ 42 ዲግሪ ሲሆን ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ስንት ያነባል? በአይዲያል ጋዝ ቀመር፣ መያዣው ካልተለወጠ ግፊቱ ሙቀቱ ባደገበት እጥፍ ያድጋል። ግማሹ ክፍል 42ን ለ12 አካፍሎ፣ በ220 አባዝቶ 770 ይለኛል። ጎሚስታው ቢሰማ ይስቅባችኋል እላቸዋለሁ። ቀመሩ ውስጥ ሙቀቱ በኬልቪን (ዲግሪው ላይ 273 ተደምሮ) ነው የሚገባው፦ 285 እና 315። ጎበዞቹ ይሄን አርመው 243 ይላሉ። እሱም ልክ አይደለም! ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር የበለጠውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጭው ግፊት ወደ 77 ነው፤ ስለዚህ ጎማው ውስጥ ያለው 297 ነው። በ315 ተባዝቶ ለ285 ሲካፈል 328 ይመጣል። ሰመራ ቆላ ናት፣ የውጭው ወደ 96 ይደርሳል። ሲቀነስ 232። (ጎማው አልተለጠጠም ብለን ነው።) ለዚህ ሥራ የሌለው ጋዝ ከበቂ በላይ ነው።

እኔ ራሴ የተሸወድኩት በማድ ቤት ሲሊንደር ነው። ጌጅ አስገጠምኩበት። ጋዙ ሲጋመስ ግፊቱም ይጋመሳል ብዬ ጠበቅኩ። መርፌው ለሳምንታት ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ወጡ ሳይበስል ቁልቁል ወረደና እሳቱ ጠፋ። ባለቤቴ «የፊዚክስ መምህር!» ብላ ሳቀችብኝ።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ውስጡ ያለው ቡቴን ብቻ ነው እንበል። 12.5 ኪሎ ማለት ወደ 215 ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) ነው። ሲሊንደሩ 26 ሊትር ገደማ ይይዛል። በ20 ዲግሪ የአይዲያል ጋዝ ቀመር (ግፊት × ይዘት = ሞል × ቋሚ ቁጥር × ሙቀት በኬልቪን) 200 አትሞስፌር ይላል። እውነተኛው ግን 2 ገደማ ነው! ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው ሲሳሳቡ አብዛኛው ፈሳሽ ሆኗል። ከላይ ያለው ጥቂት ጋዝ ሲወጣ ፈሳሹ እየተነነ ይተካዋል፤ መርፌው ያልወረደው ለዚህ ነው። «አይሳሳቡም» ያልነው ውሸት እዚህ ተነቃበት። ሆላንዳዊው ፊዚሲስት ቫን ደር ዋልስ በ1873 እ.ኤ.አ. ቀመሩን ያረመው ሁለቱንም ውሸቶች አንስቶ ነው፦ አንድ ማስተካከያ ለመሳሳቡ፣ አንድ ለሚይዙት ቦታ።

ጌጁን ፈታሁት። አሁን ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አውጥቼ ነው የማየው።