የ2019ኙ ወይስ የ2020ው ሌክሰስ አርኤክስ 450ኤች? (መልስ)

ከሁለቱ ያገለገሉ መኪኖች የቱን ልግዛ ላልከኝ፦ የሄዱት ማይል ከተቀራረበ የ2020ውን ውሰድ። ያሳሰበህ የሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) መኪናው ባትሪ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የ2019ኙ የባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ግን 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ሆኗል። የሚቆጠረው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን እንጂ አንተ ከገዛህበት አይደለም። ሻጩን ቀኑን በወረቀት አሳየኝ በለው።

የ2020ው ስክሪንም በጣት ይነካል፣ አይፎንህን ከመኪናው ስክሪን ጋር የሚያገናኘው አፕል ካርፕሌይም አለው።

ሃይብሪዱ ነዳጅ የሚቆጥብልህ በዋናነት ከተማ ውስጥ ነው። ውሎህ ሃይዌይ ላይ ከሆነ የነዳጅ ፍጆታው በቤንዚን ብቻ ከሚሄደው አርኤክስ 350 ያን ያህል አይርቅም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ከመፈረምህ በፊት ጎንበስ ብለህ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የባትሪ አየር ማስገቢያ እየው። በአቧራ ወይም በውሻ ፀጉር ከተደፈነ ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። እኔ የገዛሁት ላይ የልጆች ብስኩት ፍርፋሪ ሞልቶት ነበር፤ ውጪው ግን እንደ መስታወት ያበራል!