ልጄ ከአሜሪካው የአጎቱ ልጅ ያንሳል?

ጥያቄ፦ ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። እዚሁ ጎንደር በትምህርት ቤቶች ውድድር 1500 ሜትር በ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው የወንድሜ ልጅ ደግሞ 1600 ሜትር በ4 ደቂቃ ከ30 ሮጦ «2ኤ» በሚባል ምድብ አንደኛ ሆነ። ዘመድ ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው። ልጄ «ሩጫው ይቅርብኝ» ማለት ጀምሯል። እውነት ይህን ያህል ይበላለጣሉ?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ጫማውን እንዳይሰቅል!

መጀመሪያ ርቀቱን እናስተካክል። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በብዛት የሚሮጡት 1600 ነው፤ አራት ዙር። የእኛ 1500 ሦስት ዙር ከ300 ሜትር ነው። 4 ደቂቃ ከ30 ወደ 1500 ሲመለስ 4 ደቂቃ ከ12 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ልዩነታቸው ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው።

«2ኤ» የችሎታ ደረጃ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ብዛት ከ1ኤ እስከ 4ኤ ይመደባሉ፤ ትልልቆቹ 4ኤ ናቸው። አንደኛነቱ አብረውት የተሰለፉትን እንደቀደመ ብቻ ነው የሚነግረን። የልጅዎ ሦስተኛነትም እንደዚያው። የቀደሙት ሁለቱ እነማን ናቸው? እሱን ይጠይቁት።

ዋናው ግን አየሩ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ሜሪላንድ ዝቅተኛ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ ኦሎምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ሲቲ 2240 ሜትር ላይ ናት። የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ያኔ የአውስትራሊያው ሮን ክላርክ 27 ደቂቃ ከ39.4 ነበር። ሜክሲኮ ላይ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ያሸነፈው በ29 ደቂቃ ከ27.4 ነው። የእኛው ማሞ ወልዴ 0.6 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ ሁለተኛ ሆነ። ክላርክ ስድስተኛ ገብቶ ራሱን ስቶ ወደቀ። በዚያው ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘሎ ዓለምን ጉድ አሰኘ! ስስ አየር ለዝላይና ለአጭር ሩጫ ያግዛል፤ ርቀቱ ሲረዝም ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ለለመደው ሰው ይቀንስለታል እንጂ አይጠፋም። ያቺ ሦስት ሰከንድ ጎንደር አየር ላይ ቀርታ ሊሆን ይችላል።

ሰዓት አያያዝም ነገር አለው። የስፖርት መምህር ሳለሁ 100 ሜትር የምይዘው የፊሽካ ድምፅ ሰምቼ ነበር። ድምፁ መጨረሻው መስመር ላይ እኔ ጋ እስኪደርስ 0.3 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አንዲት ተማሪዬ በእኔ ሰዓት 12.9 ገባች። ሌላ ከተማ ሄዳ 13.3 ሲሏት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ከዚያ ወዲህ ባንዲራ ሲወርድ አይቼ ነው የምጫነው። ለ1500 ግን ይህ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አይጨነቁ።

ልጅዎ አንድ ቀን 1600 ይሩጥ። አራት ሙሉ ዙር፣ የየዙሩ ሰዓት ተይዞ። የአጎቱ ልጅም የራሱን ይላክለት፤ በቴሌግራም ይነጋገሩበት። ልጁ ለጥምቀት ከመጣ ደግሞ አንድ ሜዳ ላይ ያሰልፏቸው። ግን ከአውሮፕላን እንደወረደ አይሩጥ፤ ሁለት ሳምንት አየሩን ይልመድ፣ አለዚያ እሱ ይበደላል። ሰዓቱን እኔ መጥቼ እይዛለሁ።