ውሻችሁን ይዛችሁ ተራራ ለምትወጡ ልጆቼ

ልጆቼ፣

በዚህ ዓመት ብቻ አራት ወጣቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ውሻዬን ይዤ የት ብሄድ ጥሩ ፎቶ አነሳለሁ?» አራቱም የሚኖሩት እዚሁ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ነው። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ከማወራ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት ፒያሳ በነበረ አንድ ፎቶ ቤት ነው። ጊዜው የፊልም ጊዜ ነበር። አንድ ፊልም የሚይዘው 36 ፎቶ ነው፤ ስለዚህ ጣታችንን ሳናስብ አንጫንም ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሰርግና የክርስትና ፎቶ አነሳሁ። ውሻ ማንሳት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ያደግኩበት ቤት ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ሳሎን አይገባም። ሴት ልጄ አንድ ቀን ጥቁር ቡችላ ታቅፋ ስትመጣ ተቆጣሁ። ስሙን ቡቺ አለችው። እሷ ኮሌጅ ስትገባ ቡቺ ከእኔ ጋር ቀረ። አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ኖርን። ከዚህ በታች የምነግራችሁን አብዛኛውን የተማርኩት ከእሱ ነው።

ከጥፋቴ ልጀምር።

ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን ታውቁታላችሁ። ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። በተራራው አናት ላይ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል 105 ማይል መንገድ አለ። በየመሐሉ መኪና አቁሞ ሸለቆውን ማየት ይቻላል። አንድ የነሐሴ ቀን፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ቡቺን ከእነዚህ መመልከቻዎች በአንዱ የድንጋይ አጥር ላይ አወጣሁት። ከኋላው ሰማያዊ ተራራ ተደራርቧል። «ቁጭ በል! እዚህ እይ!» እያልኩ ሩብ ሰዓት ያህል አቆየሁት። በፎቶው ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ሆዴ ተረበሸ። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል። የዓይኑ ነጭ ይታያል። በብዙዎቹ ላይ ከንፈሩን ይልሳል፤ ሁለቱ ላይ ያዛጋል። ውሻ ሲያዛጋ ሁልጊዜ እንቅልፍ መጥቶበት አይደለም። ሲጨንቀውም ያዛጋል። ተራራው ያምራል፤ ውሻዬ ግን ፈርቷል። ለሠላሳ ዓመት ሙሽሮች ሲጨንቃቸው ከፊታቸው አይቼ የማረጋጋ ሰው፣ የራሴን ውሻ ፊት ማንበብ አቃተኝ። እነዚያን ፎቶዎች ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት የውሻችሁን ፊት እወቁ። ቤት ውስጥ ሲዝናና ጆሮው የት ነው? ጭራውን እንዴት ይይዛል? አፉ ክፍት ነው ወይስ ግጥም ያለ? ያንን ካወቃችሁ ገደል ዳር ሲጨንቀው ወዲያው ትለያላችሁ። ሲጨንቀው ካሜራውን አስቀምጡት። ውሃ ስጡት፣ ትንሽ አንሸራሽሩት። ካልሆነም ወደ ቤት ሂዱ።

ሙቀትን ደግሞ አትናቁ። ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም። ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ለሰባት ሴኮንድ ያህል መታገስ ካቃታችሁ ለእሱ መዳፍም ያቃጥላል። ያን ቀን ይህን አላደረግኩም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ብዙዎቻችሁ ብሔራዊ ፓርክ ሁሉ ውሻ ይቀበላል ብላችሁ ታስባላችሁ። አይቀበልም። የሎውስቶንና ዮሰሚቴ ውሻ ይዛችሁ ብትሄዱ ከመኪና መንገዱ፣ ከማቆሚያውና ከመሳሰሉት ብዙም አትርቁም። ይህን ሳያውቁ ቀናት ነድተው ሄደው ውሻቸውን መኪና ውስጥ ትተው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። በበጋ መኪና ውስጥ የቀረ ውሻ በአጭር ጊዜ ሊሞት ይችላል። ግራንድ ካንየን ላይ በደቡቡ ጠርዝ፣ ከላይ ባሉት መንገዶች ይፈቀዳል፤ ወደ ሸለቆው መውረድ ግን ክልክል ነው። እዚያ ለሚሄድ ሰው የጠርዙ መንገድ ለፎቶ ከበቂ በላይ ነው።

ለእኛ የቀረበን ሸናንዶዋ ግን ለየት ይላል። ከ500 ማይል በላይ የእግር መንገድ አለው፤ ለውሻ የተከለከለው ከ20 ማይል ያነሰ ነው። ኦልድ ራግ የሚባለው ተራራ ከተከለከሉት ውስጥ ነው፣ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴም እንዲሁ። ሁለቱም ዝነኞች ስለሆኑ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እነሱን ነው። ተዉአቸው። በጥቅምት ጠዋት፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን፣ ጉም ገና ሳይነሳ እዚያው ፓርክ ውስጥ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ሜዳ አካባቢ ድረሱ። እኔ ከቡቺ ጋር ያነሳሁት ምርጥ ፎቶ የዚያ ሰዓት ነው። ቁጭ በል አላልኩትም። እርጥብ ሳር ያሸት ነበር፤ አንድ ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ። እኔ ደረቴ መሬት ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ተጫንኩ፣ በቃ።

መሬት ላይ መተኛቱን እንዳታፍሩበት። ቆማችሁ ወደ ታች ስታነሱ የምታገኙት የውሻ ጀርባና ሳር ነው። ወርዳችሁ በእሱ ዓይን ልክ ስትሆኑ ግን ተራራው ከኋላው ይቆማል፣ ሰማዩም ይገባል። ስትመለሱ ግን ልብሳችሁን ፈትሹ፤ የውሻውንም ጸጉር እስከ ቆዳው ድረስ ግለጡት። የቨርጂኒያ ሳር መዥገር አለበት።

ባሕር የምትወዱ አሳቲግ ደሴት አለላችሁ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፤ ደሴቱ ሁለት ግዛት ላይ ነው ያረፈው። በሜሪላንድ በኩል ባለው ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ አብዛኛው ቦታ ላይ የታሰረ ውሻ ይፈቀዳል። በቨርጂኒያ በኩል ያለው የዱር እንስሳት መጠለያ ግን መኪና ውስጥ እንኳ ይዛችሁ መግባት አትችሉም። የዱር ፈረሶቹን ስታዩ ውሻና ፈረስ አንድ ላይ ማንሳት ያምራችኋል። አታድርጉት። ፈረሱ ይራገጣል፣ ውሻው ይደነግጣል፤ ሕጉም አይፈቅድም።

ስለ ማሰሪያ ብዙዎች ይከራከሩኛል። «ጋሼ፣ ገመዱ ፎቶውን ያበላሸዋል» ይሉኛል። በብሔራዊ ፓርኮች ማሰሪያው ከ6 ጫማ መብለጥ የለበትም፤ አትፍቱት። ዘዴው ቀላል ነው። ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አድርጉ። ጓደኛችሁ ገመዱን ይዞ ከጎን ይቁምና አንድ አንሱ። ከዚያ ውሻውም ሰውየውም ዞር ሲሉ ባዶውን ቦታ ሌላ አንሱ። ቤት ገብታችሁ ሁለቱን ስታጋጥሙ ገመዱ ይጠፋል። አሥር ደቂቃም አይፈጅም። አጋዘን አይቶ ገደል የገባ ውሻ ግን አይመለስም።

ጥቁር ውሻ ያላችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። ካሜራ ያየውን ሁሉ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ጥቁር ውሻ ፍሬሙን ሲሞላው «ጨለመ» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፣ ቡቺም አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን፣ ትንሽ ቀንሱት። በረዶ ላይ ወይም እንደ ኒው ሜክሲኮው ኋይት ሳንድስ ነጭ አሸዋ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጨምሩ። ለጥቁር ጸጉር ደመናማ ቀን ይሻላል። ፎከሱን ምንጊዜም ዓይኑ ላይ አድርጉት። ሲሮጥ ሸተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ የሴኮንድ አንድ ሺኛ ወይም ከዚያም ያጠረ አድርጉት።

አንዷ ልጅ «አገር ቤት ይዤው ሄጄ ሰሜን ተራሮች ወይ ባሌ ላንሳው?» አለችኝ። ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ባሌ ሄጃለሁ። ሳነቴ የሚባለው አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን በዓይኔ አይቻለሁ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ክፉኛ የሚጨርሳቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ እዚያው ባሌ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ገደለ። በአካባቢው ያሉ የእረኞች ውሾች ለዓመታት ሲከተቡ የኖሩት ለዚህ ነው። ውሻችሁ የተከተበ ቢሆንም እዚያ ቦታ የለውም። እሱን እዘመድ ቤት ትታችሁ እናንተ ውጡ፤ ቀበሮዋን አንሱ።

ይዞ መመለሱም ቀላል አይደለም። አሜሪካ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ወዲህ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ) ያለው መሆን አለበት ትላለች። ኢትዮጵያ ለእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት አለባቸው ከተባሉት አገሮች ውስጥ ናት። ስለዚህ የክትባቱ ወረቀት ከዚህ ሳትወጡ ከእንስሳት ሐኪማችሁ ጋር ማለቅ አለበት። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለቅሶ እንዳይሆን።

የመጨረሻዋን ልንገራችሁ። የቡቺን ፎቶ ስቆጥር ሺዎች ናቸው። እኔና እሱ አብረን ያለንበት ግን ሁለት ብቻ። ካሜራው ሁልጊዜ እኔ እጅ ነበራ። አንዱን ያነሳችን ስካይላይን ላይ ያገኘናት መንገደኛ ናት፤ በራሴ ካሜራ። አድማሱ ተንጋዷል። የእኔ ጭንቅላት ግማሹ ተቆርጧል። እጄ ቡቺ አንገት ላይ ነው፣ እሱ ቀና ብሎ እኔን ያየኛል፣ ጆሮዎቹ ልቅ ብለው። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ያንን ነው። የሴትየዋን ስም አልጠየቅኋትም።