አንድ ኮርስ ወድቆ አንድ ዓመት? ልጄ እየዋሸኝ ይሆን?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ዲግሪ ናቸው። አብዛኞቹ የመጡት ደግሞ ከወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቂሊንጦ ላይ ጎረቤታችን ስለሆነ መሰለኝ። በታክሲ በዚያ ባለፍን ቁጥር ልጆቻችን ግቢው ውስጥ ሲመላለሱ ይታየናል። እንግዲህ በተራ እንሂድ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኤሌክትሪካል ሦስተኛ ዓመት ነው። ባለፈው ሴሚስተር «ሰርኪት» የሚባል ትምህርት ወደቅኩ አለኝ። እሺ፣ ሰው ይወድቃል። አሁን ደግሞ በዚህ ምክንያት ምረቃዬ በአንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላል ይለኛል። አንድ ትምህርት እኮ ነው! የጎረቤቴ ልጅ አካውንቲንግ ስታጠና አንዱን ወድቃ፣ በክረምት ወስዳው ከጓደኞቿ ጋር ተመረቀች። እየዋሸኝ ይሆን? (እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እናታችን፣ በሌላው ነገር አልመሰክርለትም፤ በዚህኛው ግን እውነቱን ነው።

ኤሌክትሪካል ውስጥ ኮርሶቹ አንዱ በአንዱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። የታችኛውን ሳያልፉ የላይኛውን መመዝገብ አይቻልም። ተማሪዎቹ ፕሪሪኩዚት ይሉታል። የእርስዎ ልጅ የወደቀው ደግሞ ከሁሉም ሥር ያለውን ነው። ከሱ በላይ አፕላይድ ኤሌክትሮኒክስ አለ፣ ኔትወርክ አናሊሲስ አለ፣ ኤሌክትሪካል ማሽን አለ። እነሱም ሌላ ተሸክመዋል። ስለዚህ አንድ ኮርስ ወደቀ ሲባል በቀጣዩ ሴሚስተር ሁለትና ሦስት ኮርስ ተዘጋበት ማለት ነው። የባሰው ነገር ኮርሱ በየሴሚስተሩ አለመሰጠቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ፣ ከኋላ ያለው ባች ሲደርስበት ብቻ ይከፈታል፤ ልጅዎም እስከዚያ ጠብቆ ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል። ዲፓርትመንቱ በክረምት የሚከፍተው ከሆነ ዕድለኛ ነው። የጎረቤትዎ ልጅ የወደቀችው ምንም ያልተንጠለጠለበት ኮርስ ሆኖ ይሆናል፤ አይወዳደርም።

ሰርኪት ለምን ብዙ ልጅ ይጥላል? ሲጀመር ቀላል ስለሚመስል ነው። ባትሪ፣ ሬዚስተር፣ የኦም ሕግ፤ «ይሄንንማ ሃይስኩል ጨርሰነዋል» ብለው ይዝናናሉ። ከዚያ ካፓሲተር ይመጣል። የስልክ ቻርጀር የሚሰጠውን 5 ቮልት ይውሰዱና በ1000 ኦም ሬዚስተር (ቡናማ፣ ጥቁርና ቀይ ቀለበት ያለበት ነው) አድርገው 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢሞሉበት፣ ካፓሲተሩ ወዲያው 5 ቮልት አይሆንም። በመጀመሪያው ሰከንድ 63 በመቶውን፣ ማለትም 3.16 ቮልት ገደማ ይይዛል። በሁለተኛው ሰከንድ የሚጨምረው ከመጀመሪያው ያንሳል፣ በሦስተኛው ከዚያም ያንሳል፤ ሞላ የሚባለው አምስት ሰከንድ አካባቢ ላይ ነው። እኛ ሰፈር ውኃ በመጣ ቀን ሙሉውን በርሜል ከባዶው ጋር በጎማ ያገናኘ ሰው ይሄንን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ይንዠቀዠቃል፣ ሁለቱ እኩል እየሆኑ ሲመጡ እየሰለለ ይሄዳል።

እንግዲህ ይሄንኑ በሂሳብ ጻፍ ሲባል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይሆናል። እሱን የሚያስተምረው የሰርኪት መምህር አይደለም፤ አፕላይድ ማትስ ላይ ተምረኸዋል ብሎ ነው የሚጀምረው። የድሮ ፈተና ሸምድዶ አፕላይድን በሲ ያመለጠ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። ልጅዎን የሰርኪት ውጤቱን ሳይሆን የአፕላይድ ውጤቱን ይጠይቁት። እሱም ደካማ ከሆነ ሰርኪትን መድገም ብቻውን አያድነውም። በሚጠብቅባቸው ወራት ወደ ኋላ ተመልሶ ሂሳቡን መሥራት አለበት፤ ያውም በእስክሪብቶ፣ ዩቲዩብ በማየት ብቻ አይሆንም።

ሁለት ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ያጣራ። ግሬዱ ኤፍ ነው ወይስ ኤፍኤክስ? በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤፍኤክስ ያገኘ ተማሪ ኮርሱን ሳይደግም ድጋሚ ፈተና ይቀመጣል፤ ይሄን ሳያውቅ ቀኑ ያለፈበት ልጅ ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ አድቫይዘሩ ጋ ሄዶ በዚህ ሴሚስተር ያልተዘጉበትን ኮርሶች ይመዝገብ፤ ሰርኪት የማይጠይቁ አሉ። ባዶ ሴሚስተር ቤት ተቀምጦ እንዲያሳልፍ ግን አይፍቀዱለት።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨረስኩ። ኤሌክትሪካል ለመግባት ስንት ማምጣት አለብኝ? ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ኤሌክትሪካል ነኝ? ስንት ዓመትስ ይፈጃል? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ለኤሌክትሪካል ተብሎ የተቆረጠ የ12ኛ ክፍል ነጥብ የለም ወንድሜ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ነው፤ አንተ ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን አለብህ። ከዚያ በታች አምጥቶ ሬሜዲያል የተመደበ ልጅ ሬሜዲያሉን ካለፈ ፍሬሽማን ይገባል። ቂሊንጦና አዳማ ያሉት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው።

አይደለህም፣ ከገባህበት ቀን ጀምሮ ኤሌክትሪካል አይደለህም። በጠቅላላ አምስት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ ሳይቀር። «እኔ ሽቦ ልማር መጥቼ ጂኦግራፊ ምን ይሠራልኛል» የሚል ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም። ዲፓርትመንት የሚደርስህ በግሬድህ እንደሆነና ጂኦግራፊውም እዚያው ውስጥ እንደሚደመር የሚገባው ዘግይቶ ነው። ቀጥሎ ኢንጂነሪንግ የመረጡት ፕሪ ኢንጂነሪንግ ይወስዳሉ፤ አፕላይድ ማትስ፣ ስታቲክስ፣ ድሮዊንግ፣ ፕሮግራሚንግ። ኤሌክትሪካል፣ ሲቪል ወይም ሜካኒካል የምትሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ኤሌክትሪካል ተፈላጊ ስለሆነ ግሬድህን ቀድመህ ያዝ።

ከዚያ ሰርኪት፣ ኤሌክትሮማግኔቲክስ፣ ሲግናልስ፣ ዲጂታል ሎጂክ፣ ኮንትሮል፣ ማይክሮፕሮሰሰር፣ ከየላባቸው ጋር ይመጣሉ። አራተኛ ዓመት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሴሚስተር ኢንተርንሽፕ ትወጣለህ። አምስተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት አለ። ለመመረቅ ኤፍ ያለብህ ኮርስ መኖር የለበትም፣ ሲጂፒኤህ ከ2.00 ማነስ የለበትም፣ የዋና ትምህርትህ ኮርሶች ለብቻቸው ሲሰሉም እንዲሁ፤ በመጨረሻም ኤግዚት የሚባለውን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ማለፍ። 2.00 ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ እዚያ ዲፓርትመንት ውስጥ ግን በ2.00 አካባቢ ሲንገዳገዱ አምስት ዓመት የሚጨርሱ አሉ።

ጭነቱን ልንገርህ። አንድ ሴሚስተር 30 ኢሲቲኤስ (የትምህርት ጭነት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። የ5 ኢሲቲኤስ ኮርስ ማለት ክፍሉ፣ ላቡና ብቻህን የምታጠናው ተደምሮ 135 ሰዓት ሥራ ነው ተብሎ የተሰላ ነው። የክፍሉ ሰዓት የዚህ ትንሹ ክፍል ነው፤ ቀሪው ከአንተ ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ። ደረጃ 4 አለኝ። ፖል ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ «ኤሌክትሪካል ዲግሪ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ» ይላል። ልመዝገብ? (ቴክኒሻኑ)

መልስ፦ ብር ሳታወጣ ቆይ። መጀመሪያ ኮሌጁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አጣራ፤ ሲያሳዩህም በደንብ አንብበው። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለያንዳንዱ ፕሮግራምና ለያንዳንዱ ካምፓስ ነው። በማኔጅመንት ፈቃድ ወረቀት ኢንጂነሪንግ የሚመዘግብ ሰው ሊያጋጥምህ ይችላል። ቀጥሎ «ላባችሁን አሳዩኝ» በል። ኦሲሎስኮፕና የሞተር ላብ ከሌለ ጥናቱ በወሬ ነው፣ ውጣ። የግልም ይሁን የመንግሥት መጨረሻ ላይ ኤግዚት ፈተና ስላለ በሚዛን የተቀለለ ትምህርት ዋጋ የሚያስከፍለው አንተን ነው።

አንተን የማሳስብህ ግን ሌላ ነው። የሞተር ላብ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ትሆናለህ። ስታር ዴልታ የሚባለውን የሞተር ማስነሻ ሽቦ አያያዝ ዓይንህን ጨፍነህ ታስራለህ። ሞተሩ በስታር ሲነሳ ከመስመር የሚስበው ከረንት በዴልታ ቢነሳ ከሚስበው አንድ ሦስተኛ እንደሆነም በእጅህ ታውቀዋለህ። ዲግሪው የሚጠይቅህ ለምን አንድ ሦስተኛ እንደሆነ በወረቀት ላይ እንድታወጣ ነው። ኮምፕሌክስ ነምበርና ፌዘር ካልተመቸህ ይሄኔ ነው የምትቸገረው። ስለዚህ ከመመዝገብህ በፊት ያሉህን ምሽቶች ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ሂሳብ ስጣቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ፍሬሽማን ሊገባ ነው፣ ውድ ላፕቶፕ ካልተገዛልኝ ይላል። ግዴታ ነው? (አባት፣ ከአቃቂ)

መልስ፦ አይደለም። ፕሮግራሚንግ እስኪጀምር ይቆይ። ያኔም 8 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ የተማሪ ማትላብና ፕሮቲየስ የሚባሉትን ሶፍትዌሮች ይችላል። አሁን ጥሩ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ይግዙለት፤ በኋላ መልቲሜትርና ብሬድቦርድ ይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ዓመት ልጨርስ ነው፣ ስትሪም (በኤሌክትሪካል ውስጥ ያለውን ዘርፍ) ልመርጥ። ፓወር ደስ ይለኛል፤ ቤተሰብ ግን «ለሴት ልጅ ፖል ላይ መውጣት ምን ያደርጋል፣ ኮምፒውተር ግቢ» ይላል። (ከገላን)

መልስ፦ እህቴ፣ ፖል ላይ የሚወጣው የመስመር ሠራተኛ ነው። ፓወር ኢንጂነር የምትሠራው ሰብስቴሽን ዲዛይን፣ የመከላከያ ሪሌይ ስሌት፣ የጭነት ጥናት ነው። ደግሞ ሰፈር ውስጥ ኤሌክትሪካል የሚማር ልጅ ካለ የማንኛውም ስትሪም ይሁን የተበላሸ ምጣድ ይመጣለታል፤ ከዚያ ኮምፒውተርም አያድንሽም።

ሥራውን ዙሪያሽን እዪው። ከቃሊቲ የሚነሳው ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ዲሲ ነው የሚሄደው። በእንዶዴ በኩል የሚያልፈው የጅቡቲው ባቡር ደግሞ በ25 ሺህ ቮልት ኤሲ። ሁለቱም ከአንድ አገር መረብ ነው የሚመገቡት፣ በመካከል ያለው ሁሉ የፓወር ሰው ሥራ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ ሆለታ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወርዶ ወርዶ ነው ቤትሽ 220 የሚሆነው። ኮምፒውተር ስትሪም ጥሩ አይደለም እያልኩ አይደለም። ግን እዚያ የምትወዳደሪው ከኮምፒውተር ሳይንስና ከሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመራቂዎችም ጋር ነው፤ ኮድ መጻፍ የምትወጂ ካልሆነ ለስሙ ብለሽ አትግቢ።

እኔ ብሆን ግሬድ ሪፖርቴን አውጥቼ አየው ነበር። ማሽን ላይ ጎበዝ ከሆንሽ ፓወር፣ ሲግናልስ ከጣመሽ ኮሙኒኬሽን፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተር (ፒኤልሲ) ማዘዝ ካማረሽ ኮንትሮል። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ፓወርንና ኮንትሮልን በአንድ ዲፓርትመንት፣ ኮሙኒኬሽንን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር በሌላ ዲፓርትመንት አድርጎ ነው የሚያስተምረው፤ ስለዚህ ዝውውር ካሰብሽ ስሙን ብቻ አይተሽ አትወስኚ፣ የኮርስ ዝርዝሩን አስተያዪ።

ጥያቄ፦ ኮርሱን በሙሉ ጨርሻለሁ። ኤግዚት ላይ 47 አመጣሁ። ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ይሰጡኛል? (ስሜን አትጻፉ)

መልስ፦ አይሰጡህም። ከ2015 ጀምሮ 50 ያላመጣ ዲግሪ አይቀበልም፣ ሲጂፒኤው 3.8 ቢሆንም። ድጋሚ መቀመጥ ግን ይቻላል። ሦስት ነጥብ ነው የጎደለህ፤ ፈተናው የሚያተኩረው ዋና ዋናዎቹ ኮርሶች ላይ ስለሆነ ከስትሪምህ የአራተኛና የአምስተኛ ዓመት ኮርሶች ይልቅ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመቱን ሃንድአውት አውጣ። የምዝገባው ቀን እንዳያመልጥህ ከግቢ አትራቅ፣ ቢያንስ ሬጅስትራር የሚሠራ ሰው ስልክ ያዝ። ካለፍክ በኋላ ቴምፖራሪው ይሰጥሃል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን የወጪ መጋራቱን ዕዳ እስክትከፍል አይለቁልህም፣ እሱም ሥራ ስትይዝ ከደሞዝህ በየወሩ ይቆረጣል።