ሰዓቱን ቱቦው ላይ ጻፉ

ባለፈው ሳምንት ቸርችል ጎዳና ዳር ማኪያቶዬን ስጠጣ አንድ ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ልቡ ቆሞ በሲፒአር (ደረትን ደጋግሞ በመጫን) የተመለሰ ሰው ይተርፍ እንደሆነ ደሙ ይናገራል?» አለኝ። ይናገራል፣ ግን አጥርቶ አይናገርም። ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

ልብ ሲቆም ኦክስጅን ያጣው ሰውነት ላክቴት የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታል፤ ደም ውስጥ ይለካል። ጤነኛ ሰው ላይ በአብዛኛው በሊትር ከ2 ሚሊሞል አይበልጥም። ልቡ ገና የተመለሰ ሰው ላይ ከፍ ማለቱ አይገርምም። እኔ የምጠይቀው በቀጣዮቹ ሰዓታት እየወረደ ነው ወይስ አልወርድም ብሏል የሚለውን ነው፤ መውረዱ ደህና ምልክት ነው።

ለአንጎል ደግሞ ኤንኤስኢ አለ። የነርቭ ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ መመሪያ በ48 ወይም በ72 ሰዓት ከ60 ማይክሮግራም በሊትር ካለፈ መጥፎ ምልክት ነው ይላል። በእሱ ብቻ ግን አይፈረድም። ሰውየው ከ72 ሰዓት በኋላም ራሱን ካላወቀ፣ የዓይኑ ብሌን ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ፣ ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና ሲቲ (የጭንቅላት ምስል) አብረው ይታያሉ። (ምርመራው ስንት ቦታ ይገኛል? እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ኤንኤስኢ ቀይ የደም ሴል ውስጥም አለ። ደሙን በቀጭን መርፌ በጉልበት ከሳባችሁት፣ ቱቦውን ከናጣችሁት ሴሎቹ ይሰባበራሉ፤ ቁጥሩም ይዘላል። ሴረሙ (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ቀላ ካለ ውጤቱን አታውጡ፣ እንደገና ይቀዳ።

እኔ የተሳሳትኩት በላክቴት ነው። ወጣት ነበርኩ፣ ላብራቶሪ ውስጥ አዳር ተረኛ። ልቡ ቆሞ የተመለሰ የአንድ ሰው ሁለተኛ ናሙና ቱቦ ያለ በረዶ፣ ያለ ግራጫ ክዳን መጣ። እኔም የወባ ስላይድ ልጨርስ ብዬ ጠረጴዛ ላይ አቆየሁት። ደም ቱቦ ውስጥ ሆኖም ስኳር ይበላል፣ ላክቴት ያወጣል፤ ይህን የሚገታው በረዶውና ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው። «አልወረደም» ብዬ ላክሁ። ሐኪሙ ተጠራጥሮ እንደገና አስቀዳ፤ ወዲያው ስሠራው ወርዶ አገኘሁት። በዚህ መሃል ግን ለቤተሰቡ ተነግሮ ነበር። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ታለቅስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተቀዳበት ሰዓት ያልተጻፈበትን ቱቦ አልቀበልም። አንዳንድ ነርሶች ክፉ ሽማግሌ ይሉኝ ነበር፤ ይበሉ።

ሰውየው በመጨረሻ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፈራሁ።